«እርስዎ ያረጃሉ እንጂ ይሄ አያረጅም!»

ደሴ ፒያሳ ላይ ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህችን አባባል ሰምቷታል። «ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ያረጃሉ እንጂ ይሄ አያረጅም!» ለጫማም ይሏታል፣ ለምጣድም፣ ለጃንጥላም። ምላሱ የሰላው ደግሞ «ልጅዎ ይወርሰዋል» ብሎ ይጨምራል። በእኛ ሰፈር እስካሁን በጃንጥላ ውርስ የተካሰሰ ወንድምና እህት አላየሁም።

ባለፈው ክረምት የገዛሁት ጫማ «ንጹሕ ሌዘር፣ ኦርጅናል፣ ዕድሜ ልክ» ነበር። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለኝ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ደጋግሞ ሲያገኘው ሶሉ ከፊት እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ሊስትሮው ጣቱን ከተት አድርጎ ፈተሸና «ጋሼ፣ ይሄማ ካርቶን ነው» አለኝ። እውነትም በጎማውና ቆዳ በሚመስለው ነገር መሐል ርሶ የተላጠ ካርቶን አለ፤ ከነጽሑፉ ጭምር! ይዤው ወደ ሻጩ ተመለስኩ። ልጁ አላፈረም። «እንዴ ጋሼ፣ ውኃ አስነኩት እንዴ?» አለኝ። ደሴ ላይ፣ በነሐሴ! ውኃ የማይነካው ጫማ እኮ አልጋ ሥር የተቀመጠ ብቻ ነው።

ጋራንቲውንማ ተዉት። ምጣዱ «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» ይባላል፤ ሽቦው ሲቃጠል ጋራንቲው ክዳኑን ነው የሚመለከተው። ሰዉም ነቅቷል። ዛሬ ዛሬ ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው «አዲስ ነው?» ማለቱን ትቶ «ሳልቫጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ሰው ለብሶ የጣለው ጃኬት ካዲሱ ይበልጥ እንደሚከርም ሻጩም ገዢውም ተስማምተዋል። የባሰው ምስጋና ደግሞ «የጣልያን ሥራ ነው» የሚለው ነው። በሐረጎ መንገድ እየተጠማዘዝን ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ስለ መንገዱ ይህን ሳይል አይቀርም። አምስት ዓመት ቆይቶ የተባረረ ወራሪ በኛ ገበያ የጥንካሬ መለኪያ ሆኖ ቀረ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ቆሞልን እያለ «የሚካኤል ሥራ ነው» የሚል ሻጭ ግን አልገጠመኝም።

ከሻጭ ጋር እንኳ ተከራክሮ፣ ተሳስቆ፣ ሃያ ሠላሳ ብር አስቀንሶ መለያየት ይቻላል። የቢሮው ቃል ነው የከፋው። «ዘላቂ» የተባለ ነገር ሁሉ፣ ዘላቂ መፍትሔም በሉት ዘላቂ ልማት፣ በስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ከተሰቀለው ጨርቅ ቀድሞ ያልቃል። «ጊዜያዊ» የተባለው ነው የሚከርመው። ጊዜያዊ ተለዋጭ መንገድ ከተባለ ቤት የሚሠራ ሰው በሩን ወደዚያው ቢያዞር ብልህ ነው። «በሂደት ላይ ነው» ከተባልን ደግሞ ወንበር ይዘን እንምጣ።

ባቡራችንን ውሰዱ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሀራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ቃሉ «በቅርቡ» ነበር። ዋሻው ተቦረቦረ፣ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ጣቢያው ቆመ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጉዳይ መጣ፣ የገንዘቡ ጉዳይ መጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እላዩ ላይ አለፈና የተዘረፈው ተዘረፈ። «ባቡሩ ሲጀምር» እያሉ ቦታ የገዙ፣ ቤት ያከራዩ፣ ሻይ ቤት የከፈቱ አሉ። አንዳንዱ ሻይ ቤቱንም ዘግቷል። «በቅርቡ» ብቻ አልተዘጋም።

ቀልድ የማይገባበት «ጊዜያዊ»ም አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን ሐይቅ አካባቢ ጃሪና ቱርክ ካምፕ የገቡት «በጊዜያዊነት» ነበር። የሸራ ዕድሜ ይታወቃል፤ ፀሐይ ያነጣዋል፣ ነፋስ ይቀደዋል። ሸራው ተቀድዶ ተጥፎ እንደገና ተቀድዶ፣ ጊዜያዊ የሚለው ስም ግን ክር አልተሳበበትም። እዚያ የተወለዱ ሕፃናት ሮጠዋል። ለእነሱ ካምፑ ጊዜያዊ ነው ብሎ የሚያስረዳ ባለሥልጣን ካለ ሄዶ ይሞክረው።

ከቤቴ ዕቃ ሁሉ አንዲት ቃል ሳይነገርላት እስከ ዛሬ የዘለቀችው ቢጫዋ ጀሪካን ናት። ዘይት ሲያልቅ ባዶዋን ቀረች እንጂ ማንም ዕድሜ ልክ ብሎ አልሸጣትም። ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ አፏ በፌስታል ይወተፋል፣ እጀታዋ በሽቦ ታስሯል፤ ውኃ በመጣ ቁጥር ተሰልፋ ትሞላለች። ያውም ከመጣ ነው፤ በፈረቃ ስለሆነ በኛ ተራ የሚመጣው ሌሊት ነው። ፈረቃው መቼ ይቀራል ብለን ስንጠይቅ አብሽሩ አሉን፣ ጊዜያዊ ነው።