ሙሽራው በሁለት ገጽ፣ እማዬ በጥግ

ጥምቀት ካለፈበት ቀን ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሠርግ ወራት ነው። ወገዳም ይሁን ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ ዳሱ ፈርሶ የጠላው ጋን ከተደፋ በኋላ ከድግሱ የሚተርፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዕዳና አልበም። ዕዳው እያደር ይቀልላል። አልበሙ ግን በየዓመቱ እየገዘፈ መጥቷል።

ድሮ አንዱ ገጽ አራት ፎቶ ይይዝ ነበር። ዛሬ ሁለት ገጽ ተዘርግቶ አንድ ፎቶ ብቻ ይሞላዋል፤ በቀኝ የሙሽራው ፊት፣ በግራ የሙሽሪት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ የጥራዙ እጥፋት የሙሽራውን ጆሮ ይቆርጠዋል። አልበሙን ከቡፌው ላይ ለማውረድ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የወፍጮ መጅ ያህል ይከብዳል።

ችግሩ የእንግዳው ነው። ቡናው እስኪፈላ ብለው ጭኑ ላይ ያስቀምጡለታል። ወጉ እንደሚያዘው ቶሎ ቶሎ መግለጥ ነውር ነው፤ በየገጹ «ውይ ሲያምሩ!» ማለት ግዴታ ነው። ፎቶው ትንሽ በነበረ ጊዜ አንድ «ሲያምሩ» አራቱን ያዳርስ ነበር። አሁን እያንዳንዱ የየራሱን ይጠይቃል። ምስጋናው በአቦል ይጀምራል፣ በቶና ይደክማል፣ በረካ ሲደርስ ያልቃል፤ ሙሽሪት ግን ገና ከመኪናው አልወረደችም።

ፎቶን በትልቁ ማሳጠብ ውበቱን ብቻ ለይቶ አያሰፋም። በሱፉ እጅጌ ላይ ሆነ ተብሎ የተተወችው የፋብሪካ ምልክት አብራ ትሰፋለች። የሚዜው ጭፍን ዐይን፣ የፕላስቲኩ አበባ አቧራ፣ በጫማው ጫፍ ላይ የደረቀው ጭቃ፣ ሁሉም ከርቀት ይነበባል። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያለ ክፍያ ከኋላ ቆሞላቸው ሳለ፣ ፎቶ ቤቱ እሱን በኮምፒዩተር ነቅሎ ባሕርና ዘንባባ ይተክልላቸዋል። ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ አጎቶች ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ተደግፈው በሞቃቱ አሸዋ ላይ ቆመዋል። ብርዱ ከነጋቢው የጋይንት ነው፤ ባሕሩ የማን እንደሆነ ፎቶ ቤቱ ይወቅ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ እናት ትፈለጋለች።

«እኔስ የት አለሁ?» ትላለች ዐይኗን አጥብባ።

«ይኸው እማዬ፣ ከኬኩ ጀርባ ነሽ።»

እውነትም አለች፤ ግማሽ ፊቷ፣ በገጹ ጥግ። ያን ሁሉ እንጀራ ያስጋገረችውና ሌሊቱን ከወጡ ጋር ያደረችው እሷ ነበረች። ፎቶ አንሺው ግን «ጭሱ ሌንሱን ያበላሽብኛል» ብሎ የጓዳውን ደፍ አልረገጠም።

የእሷ ፎቶ በትልቁ የሚታጠብበት ቀን የሚመጣው ለልቅሶ ነው። ያኔ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል፤ ብቻዋን የተነሣችው ፎቶ የመታወቂያው ጉርድ ብቻ ሆኖ ይገኛል። 3 በ 4 ሴንቲ ሜትር የነበረው 30 በ 40 ይደረጋል። በቁመትም በወርድም አሥር እጥፍ፣ በስፋት መቶ እጥፍ መሆኑ ነው፤ በአንዲት ነጥብ ላይ የነበረው ቀለም ለመቶ ይከፋፈላል። ፊቷ ይደበዝዛል፤ የቀበሌው ማኅተም ትከሻዋ ላይ ይንሳፈፋል። ባለሙያው ማኅተሙን ያጠፋና ቦታው እንዳይራቆት አዲስ ነጠላ ያለብሳታል፤ ሲቀናው ደግሞ የወርቅ ጉትቻ ይጨምርላታል። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ፎቶውን አይቶ «ሟቿ ማን ነበረች?» ቢል አይፈረድበትም።

ፎቶን ማስፋት እንዲህ ቀላል ባልነበረበት ዘመን ሥራው ሌላ ነበር። ደብረ ታቦርን መናገሻው ያደረገው፣ በጋፋት መድፍ ያሠራው አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳለ የተነሣው ፎቶ አይታወቅም። ልጁን ልዑል ዓለማየሁን ግን ከመቅደላ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። ይህች ሴት የታወቀችው ፊትን ከቅርብ በማንሣት ነው። የእሷ ፎቶ የሚታተመው በተነሣበት መስታወት ልክ ስለነበር፣ ፊቱ ጎልቶ እንዲወጣ መስታወቱ ትልቅ መሆን፣ አንሺዋም ቀረብ ማለት ነበረባት። እኛ ዘንድ ማስፋቱ ረክሷል፤ የተወደደው መቅረቡ ነው።

ሌላም የተጎዳ ነገር አለ። ትንሽ ፎቶ ከጎኑ ለጽሑፍ ቦታ ይተው ነበር። የትምህርት ቤት ኦቶግራፍ የነበረው ሰው ያውቀዋል፤ ጉርዷ ፎቶ ትለጠፍና ስሙ፣ ቀኑ፣ ምኞቱ ከሥሯ ይሰፍራል። ገጹን ሙሉ የያዘ ፊት ግን ስም የሚጻፍበት ጠርዝ አይተውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ጥርሱ ሁሉ የሚቆጠርለት ሚዜ ማን እንደነበር የሚነግራችሁ አይገኝም።

ስለዚህ የዘንድሮ ሙሽሮች፣ ፎቶ አንሺውን ከመኪናው በፊት ወደ ጓዳ ስደዱት፤ ጭሱ ከሌንሱ ላይ በጨርቅ ይጠረጋል። ፎቶውን በቴሌግራም የምትቀበሉ ከሆነ «በፋይል ላክልኝ» በሉ፤ ዝም ብሎ ከተላከ ተጨምቆ ስለሚደርስ በትልቁ ሲታጠብ ይደበዝዛል። የሰዎቹን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ሁለቱን ገጽ ደግሞ ዛሬውኑ ለእናታችሁ ልቀቁላት፤ እናንተማ ለመልሱም፣ ለክርስትናውም ገና ትነሣላችሁ።