እመት ጦጢትና የቅሏ ፈተና

በደጋው ጫካ አንዲት አዋቂ ኤሊ ነበረች። ግልገሎች በየክረምቱ መንገድ ጠፍቷቸው ጎርፍ ሲወስዳቸው አይታ ጥቂት ቀላል ፈተናዎች አዘጋጀች፦ ዱካ መለየት፣ ውሃ ከየት እንደሚጮህ መስማት፣ የመጡበትን መንገድ አስታውሶ መመለስ። ለወደቀው ግልገል መሪ ይመደብለታል። «ዘንድሮ ያልቻለ ለከርሞ ይችላል፤ እንደገና ፈትኑት» ብላ ተናዝዛ ሞተች።

ፈተናውን እመት ጦጢት ወረሰችው። ማር የተሞላ ቅል ከዋርካ ላይ አንጠልጥላ፣ «የዛፉ ጥላ ከዚህ ድንጋይ ሳይደርስ ክዳኑን የከፈተ ብልህ፣ ያልከፈተ ደንቆሮ» አለች። መሪ መመደብ ቀረ።

በዚያ ዓመት ቆላው ደረቀ። ግመሎች፣ አህዮችና ሳላዎች ከጫካው በር ደረሱ። አያ አንበሶ «ብልሁን አስገቡ፣ ደንቆሮውን መልሱ» ብሎ አዘዘ። እመት ጦጢት ሁሉንም አልፈተነችም፤ በዓይኗ ገምታ «መካከለኛ ናቸው» ያለቻቸውን ጥቂቶች ለየች። እንቅልፍ ያጡ፣ በአንበሳ ግሣት የሚንቀጠቀጡ፣ የማር ቅል በዘመናቸው አይተው የማያውቁ ነበሩ። ከአምስቱ አራቱ ወደቁ። በበሩም ላይ «የቆላ አውሬ አእምሮ የለውም» ተብሎ ተቀረጸ።

ጃርት ከሸንጎው መካከል ተነሣ።

«እመት ጦጢት፣ መለኪያዎ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

«ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ፈተንኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያችው ግመል ወደቀች፣ ያው ዝንጀሮ አለፈ። መለኪያዬ አይዋዥቅም።»

ሸንጎው አጨበጨበ። ብዙ ግፍ የሚያልፈው በዚህች መልስ በኩል ስለሆነ የጃርትን ምላሽ ሳላሳጥር እጽፈዋለሁ፦

«አለመዋዠቁን አምናለሁ። ጣት የሌለውን ሦስት ጊዜ ቢፈትኑት ሦስት ጊዜ ጣት የለውም። ቅሏ የምትለካው ጣትን ነው፤ ብልሃት የሚለውን ስም የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ። የለካችሁት ብልሃት ከሆነ ያለፈው ሁሉ በድርቅ ቀን ውሃ ማግኘት አለበት። ያ ታይቷል?»

አልታየም ነበር። ጃርት ግመሎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ «እኔ ብመርጥ ጎበዞቹን ወደምፈልገው ወገን እሰበስባለሁ» አለ። አንዱ ወገን እንደመጣ ተፈተነ። ሌላው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ቅሏን አገላብጦ አይቶ ተፈተነ። የመጀመሪያው ወገን ወደቀ፤ ሁለተኛው ክዳኑን በከንፈሩ ከፈተ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ምግብ፣ እረፍትና መልመድ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለፉትንም የወደቁትንም ወደ ደረቁ ሜዳ ሰደዳቸው። ዝንጀሮዎቹ ተጠምተው ተመለሱ፤ ውሃውን ያገኘችው ሦስት ጊዜ የወደቀችው ግመል ናት።

አያ አንበሶ ጽሑፉን አስፋቀ። አስቀድመው የተመለሱትን ግን ማንም ሊያመጣቸው አልቻለም።

ይህ ተረት አገርና ዘመን አለው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የአእምሮ ችሎታ ፈተናውን ያዘጋጀው በትምህርት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር፤ በ1911 ሞተ። አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ ፈተናውን ተርጉሞ ወሰደው፤ በ1913 ረዳቶቹ ኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው ኤሊስ ደሴት ከመርከብ የወረዱ አይሁድን፣ ጣሊያኖችን፣ ሩሲያውያንንና ሃንጋሪያውያንን በአስተርጓሚ ፈተኑበት። በ1917 ያወጣው ጽሑፍ ከተፈታኞቹ ከአምስት አራት ያህሉን «ደካማ አእምሮ» ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲቀርብላችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ማን፣ በምን ሁኔታ፣ ለምን ዓላማ እንደተለካ ጠይቁ። ጎዳርድ ራሱ «ደካማ አእምሮ አይሻሻልም» የሚለውን የቀድሞ አቋሙን መተዉን በ1928 ጽፏል።