የእመት ጦጢት ታንኳ

ከዕለታት አንድ ቀን በዘጌ ጫካ፣ ቡናው ከጣና ውኃ ጋር በሚዋሰንበት ዳርቻ፣ እመት ጦጢት የምትባል እጀ ብልህ ትኖር ነበር። የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ደንገል ሲያጭዱ፣ ሲያደርቁ፣ አስረው ታንኳ ሲያደርጉት ዛፍ ላይ ሆና እያየች ነው ያደገችው። አንድ ቀን እሷም ልሞክር ብላ ደንገሉን ቆረጠች፤ ነዶ ነዶውን በልጥ አሰረች፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀለሰች። ታንኳው ዓይን የሚስብ ሆነ። ወዲያው የጫካውንና የሐይቁን እንስሳት ጠርታ፣ «ኑ ተሳፈሩ፤ ባሕር ዳር ገበያ አድርሼ እመልሳችኋለሁ» አለች።

ሄደው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ይናገር ጀመር።

ቁራ ሾላው ላይ እንደተቀመጠ፣ «ይሄም ታንኳ ተብሎ! ጉማሬ ያደረበት ገለባ!» ብሎ ጮኸ። ቁራ አልተሳፈረም ነበር። እንቁራሪት ደግሞ፣ «ጣና ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ታንኳ ተንሳፍፎበት አያውቅም» አለች። እሷም አልተሳፈረችም፤ ፀሐይ ሲበረታ ከታንኳው ጥላ ሥር መጠለል ስለፈለገች ነው ያሞገሰችው። አያ ጉማሬ ከውኃው ብቅ ብሎ፣ «እኔን የማይችል ምኑ ታንኳ ነው? አስፊው» ሲል አዘዘ። ጥንቸል፣ «ጭራዬ ራሰብኝ። ደንገሉ ቀጭን ነውና በወፍራም ለውጪው» አለች።

እማማ ዔሊ ግን ምንም አላሉም። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ማረሻ አይገባም ነበር፤ እህል የሚመጣው ቡና ተሸጦ በታንኳ ነበር። እማማ ዔሊም ቡናቸውን ሸጠው የገዙትን ጤፍ ከረጢት ፈትተው፣ የረጠበውን ለይተው ድንጋይ ላይ አሰጡት።

እመት ጦጢት የቁራ ንግግር ከሁሉም በላይ አንገበገባት። የሾላ ፍሬ እየወረወረች፣ ስድብ በስድብ እየመለሰች ዋለች፤ በማግስቱም እንዲሁ። የደንገል ታንኳ ከጉዞ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል። ከቁራ ጋር ስትጨቃጨቅ ታንኳዋን ያወጣላት አልነበረም፤ ግማሹ ሰመጠ።

በዚህ ደንግጣ ሁለተኛውን ስትሠራ ሁሉንም ደስ ላሰኝ አለች። ለጉማሬ አሰፋችው፤ ለጥንቸል አወፈረችው፤ ቁራ ገለባ እንዳይለው በአበባ ሸፈነችው፤ ለእንቁራሪት ሰፊ ጥላ ጨመረችለት። ባሕር ላይ ሲወጣ መቅዘፊያ የማይገፋው ሆነ። ጉማሬው ራሱ አንድ እግሩን አኑሮበት ጠልቶት ሄደ።

ያን ጊዜ እመት ጦጢት ወደ እማማ ዔሊ ሄዳ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ያን ዕለት ጤፍዎ የራሰው በየት በኩል ነበር?»

«ከረጢቱን ከኋላ በቀኝ በኩል ነበር ያኖርኩት። ታችኛው ጥግ ረጠበ። ጥንቸልም የተቀመጠችው እዚያው ነው። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ልጄ፤ እሱ የአንቺ ሙያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ከቁራ ጋር ነበርሽ እኮ።»

እመት ጦጢት የመጀመሪያውን ታንኳ ከውኃ ጎትታ አወጣችና ያን ጥግ ፈታችው። ደንገሉ ቀጭን አልነበረም። ለማሳየት ቸኩላ ሳይደርቅ ያሰረችው ነዶ ቆይቶ ሲኮማተር ልጡ ላልቶ ነበር። ጥንቸል ቦታውን አልሳተችም፤ ምክንያቱን ግን ስታለች። እመት ጦጢት አዲስ ደንገል አጭዳ፣ እስኪደርቅ ታግሣ፣ ሦስተኛውን ሠራች። ያ ታንኳ ጤፍ ሳያረጥብ ደቅ ደሴት ደርሶ ተመለሰ። ቁራ ያን ቀንም ጮኸ፤ እሷ ግን ልጥ እያጠበቀች ነበር።

የልብ ወለድ ደራሲም ነገር እንደዚሁ ነው። መጽሐፉን ሳይከፍት የሚሳደብም፣ በምረቃው ዕለት ሳያነብ የሚያሞግስም ስለ መጽሐፉ ምንም አልነገረውም። አንብቦ «እዚህ ላይ ሰለቸኝ»፣ «ይህን ገጸ ባሕርይ አላመንኩትም» የሚለው አንባቢ ግን የራሰበትን ቦታ እያሳየው ነው። መድኃኒቱን ላያውቅ ይችላል፤ ሕመሙን ግን አይስትም። ምክንያቱን መፈለግ የደራሲው ሥራ ነው፤ መልሱም የሚቀጥለው መጽሐፍ ነው።

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ጽፈው ለአማርኛ ልብ ወለድ መንገድ የከፈቱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዚያው የዘጌ ልጅ ናቸው። ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉትን የታሪክ መጽሐፍ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ተቹት። ሲተቹም የአማርኛውን ማማር አልካዱም፤ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው የሚገባው ከአድልዎ የጸዳ ፍርድ መጉደሉን ግን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ገብረ ሕይወት ታንኳው ላይ ተሳፍረው፣ የራሰውን ጥግ በጣታቸው ያሳዩ ሰው ነበሩ። ዘመናዊ ጽሑፋችን ገና ሲጀምር እንዲህ ያለ ሂስ ማግኘቱ ትልቅ ሀብት ነው።

ዛሬም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ደራሲ ሆይ፣ ቁራን ተወውና የተሳፈረውን ጠይቅ። አንባቢ ሆይ፣ ሳትሳፈር አትፍረድ፤ ተሳፍረህ ከራሰብህ ደግሞ ሳትጠየቅም ተናገር። እማማ ዔሊ ጨዋ ነበሩ፤ ነገር ግን ዝም ባሉበት ጊዜ ሁሉ ያ የላላ ጥግ ሳይጠብቅ ቆይቷል። ዝም ያለ አንባቢ የራሱን ጤፍ ያደርቃል፤ የሚቀጥለውን ተሳፋሪ ጤፍ ግን ለውኃ ይተዋል።