ስለ ሰፊ ጎማና ስለ ጠባብ ፓራፋንጎ

አሮጌ መኪና ላይ ሰፊ ቸርኬና ሰፊ ጎማ የመግጠም ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ በቶዮታ ዲኤክስ ላይ በብዛት ይሠራል። ዲኤክስ የሚባለው ፋብሪካው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው የኮሮላ ትውልድ ሲሆን፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው የኋላ እግሩ ነው። የስፖርት መኪና ነው ወይ ቢባል የፋብሪካው መልስ አጭር ነው፤ ባለ 1300 ሲሲ የቤተሰብ መኪና ነው። የባለቤቱ መልስ ግን ይረዝማል። በ1983 እ.ኤ.አ. የመጣውና በጃፓን የተራራ ጠመዝማዛ ላይ ቂጡን እያወዛወዘ ስም ያተረፈው ኤኢ86 የተባለው ኮሮላ ከዚሁ ከዲኤክስ አጥንት የወጣ ነው። ዝምድናው እውነት ስለሆነ ክርክሩ በባለቤቱ አሸናፊነት ይዘጋል፤ ዲኤክሱም ስፖርት ይሆናል። ስፖርት የሆነ መኪና ደግሞ በቀጭን ጎማ አይታይም።

ሥራው ሲበላሽ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ተክለ ሃይማኖት አደባባይን የሚዞር ዲኤክስ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን እንደተጠመዘዘ፣ ከፊት ፓራፋንጎው ሥር «ሽርርርት» ይላል። ጎማ ቆርቆሮ ሲልስ የሚወጣ ድምፅ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ከኋላ በኩል አጠር ያለ «ቸርት» ይከተላል። ጩኸት ሊባል አይችልም፤ አንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻውን ይሸፍነዋል። ሆኖም አንዴ የለየው ጆሮ ከዚያ በኋላ በሻይ ቤት መስኮት፣ በቅዳሴ ማብቂያ፣ በስልክ ወሬ መካከልም ይለየዋል። ሾፌሩ ብቻ አይሰማውም፤ ሙዚቃ ከፍቷል።

መኪናውን ሸጦ እውነተኛ ስፖርት መኪና መግዛት ለምን እንደማይታሰብ ብዙ ማብራሪያ አያሻም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ምትክ አጣ። ምትክ የሌለው ንብረት ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ቸርኬ ይገባለታል።

ነገሩ የሚጀምረው ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው። ዲኤክስ ይዞት የመጣው ጎማ በዛሬ አጻጻፍ 155/80 አር 13 ይባላል። 155 በሚሊሜትር ስፋቱ ነው፤ 80 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ 13 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ ጎኑ 124 ሚሊ ይመጣል፤ ከታችና ከላይ ያለውን ጎን ከቸርኬው ጋር ሲደምሩት ጎማው ቁመቱ 578 ሚሊ ይሆናል። የፓራፋንጎው ክፍተት፣ የዲፍረንሻሉ ጥርስ፣ የፍጥነት ቆጣሪው ሁሉ የተለኩት በዚህ 578 ነው። ስፋቱን ጨምሮ ቁመቱን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው ቸርኬውን ወደ 15 አሳድጎ የጎማውን ጎን ያሳጥራል። 195/50 አር 15 ቁመቱ 576 ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ። ወረቀትና እስክሪብቶ ለያዘ ሰው ጉዳዩ እዚህ ያልቃል።

ጎማ ግን የሚገዛው በወረቀትና በእስክሪብቶ አይደለም። ባለ 50ው ሲፈለግ ይጠፋል፤ በየሱቁ ተደርድሮ የሚገኘው ለኋለኞቹ ኮሮላዎች የሚሆነው 195/65 አር 15 ነው። ይህኛው 634 ሚሊ ይቆማል። ገዢው 195 ይላል፣ ሻጩም 195 ይሰጠዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም። 

«ይኼ ለዲኤክስ ይሆናል?»

«ብራዘር፣ ስንቱ ገጥሞ እየነዳው ነው!»

«አይነካም?»

«መጀመሪያ ትንሽ ይነካል። ከዚያ ራሱ ይበላዋል።»

ማን ማንን እንደሚበላ አይነገርም። በሂሳቡ መሠረት ጎማው በየአቅጣጫው 28 ሚሊ ወደ ፓራፋንጎው ተጠግቷል፤ መኪናውም የአጎቱን ጋቢ ለብሶ ለቅሶ የመጣ ልጅ መስሏል።

ቀጥሎ ቸርኬው ይመጣል። ዲኤክስ አራት ብሎን አለው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 114.3 ሚሊ ነው። ከተክለ ሃይማኖት በማይርቀው በሶማሌ ተራ በየደጃፉ ተሰቅለው ከሚያብረቀርቁት ቸርኬዎች ብዙዎቹ ከቪትዝና ከኋለኛ ኮሮላ የወረዱ ስለሆኑ ክባቸው 100 ነው። እነሱም አራት ቀዳዳ ስላላቸው ዓይን በቀላሉ ይሸወዳል። 14.3 ሚሊ በእጅ ተይዞ ሲታይ ምንም አይደለም፤ ብሎን ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳ ነው። መፍትሔው ወይ ቸርኬውን እንደገና መብሳት፣ ወይ በአንድ ፊቱ 114.3 በሌላው 100 የሆነ ወፍራም የብረት ሳህን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ መሃል ማስገባት ነው።

ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» ተብሎ የሚጻፍ ሌላ ቁጥርም አለ። ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊ እንደሚርቅ ያመለክታል። የፊት እግራቸው የሚጎትት አዳዲስ መኪናዎች ከ35 እስከ 45 ያለውን ይወዳሉ፤ እንደ ዲኤክስ ያለ አሮጌ መኪና ከዚያ በብዙ ያነሰ ይፈልጋል። ቁጥሩ ሲበዛ ቸርኬው ወደ ውስጥ ይሰምጥና አሞርዛቶሩን ይነካል። አሞርዛቶሩን እንዳይነካ ከቸርኬው ጀርባ ስፔሰር የሚባል ሳህን ይገባለታል። ስፔሰር ሲገባለት ወደ ውጭ ይወጣና ፓራፋንጎውን ይነካል። አደባባዩ ላይ የሚሰማው «ሽርርርት» የዚህ ሁሉ ሂሳብ ድምር ነው።

ባለ 15 ቸርኬ የገባለትን መኪና ከባለቤቱ ሌላ የሚወደው ሰውም አለ፤ እሱ የሚመጣው ሌሊት ነው። የተክለ ሃይማኖት ሰፈር የተሰየመላቸው ጻድቅ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል፤ ሰፈሩ ውስጥ ያደረ ዲኤክስ ግን አራቱንም እግሩን አጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሊያነጋ ይችላል። ስለዚህ ሰፊ ቸርኬ ያስገባ ሁሉ ቀጥሎ ልዩ ቁልፍ ያለው ዳዶ ይገዛል። ቁልፉ ትንሽ ስለሆነች ትጠፋለች፤ ጎማ የፈነዳ ቀን ጎሚስታው ዳዶውን በመዶሻና በፌሮ ይፈታዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዶው ማንም የሚፈታው ተራ ዳዶ ነው። ቀጥሎ ዘበኛ ይመጣል። ዘበኛው የሚጠብቀው መንገዱን ሙሉ ስለሆነ የወር ክፍያው ላይ «ለጎማው» የሚል ጭማሪ ይጠየቃል። ቀጥሎ ቁጥር ማስቀረጽ አለ፤ የአዲስ አበባ ሰው ታርጋውን ስፖኪዮው ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ማስቀረጽ ስለለመደ ቸርኬው ላይም ያስቀርጻል። የተቀረጸ ቸርኬ ተሰርቆ ከተመለሰ ቁጥሩ በፋቂ ተፍቆ፣ በላዩ ብር ቀለም ተቀብቶ ነው። ባለቤቱ ገበያ ወርዶ ሲፈልግ አንድ ደላላ በሐዘኔታ ይቀበለዋል። «አይዞህ ወንድሜ፣ አራቱንም አንድ ዓይነት አገኝልሃለሁ» ይለዋል። አራት መሆናቸውን ማን እንደነገረው መጠየቅ ነውር ነው፤ ዋጋም ያስጨምራል። ሕጋዊው ነጋዴ በዚህ ሁሉ መሃል ደረሰኝ ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ማንም ስለ እሱ ታሪክ አይተርክም፣ ምክንያቱም እሱ ጋ ሁሉም ነገር ዋጋው የተጻፈበት ነው። ቸርኬው በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ከተገዛ በኋላ ዋጋው ከሞተሩ ሊበልጥ ይችላል። ያኔ ሌባው ሞተሩን ለምን እንደተወው የሚገባው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ወደ ስፔሰሩ ሲመለስ ነገሩ ይከብዳል። የቶዮታ ብሎን 12 ሚሊ ይወፍራል፤ ጥርሶቹ በ1.5 ሚሊ ይራራቃሉ። በመካኒክ ደንብ ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ ይህም 8 ዙር ነው። ረዘም ባለ ብሎን ሳይተካ 10 ሚሊ ስፔሰር ሲገባበት፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲደረብበት፣ ዳዶው ሦስት ዙር ዞሮ ጥግ ይይዛል። ጎሚስታው ይህንን ያውቃል፤ የዞረውን በእጁ ቆጥሮታል። ሻጩም ያውቃል። «ይይዛል» ብለው ይሸኙታል። ያው መኪና ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰውና ሁለት ሕፃን ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሦስት ዙር። ይህ ውበት አይደለም፣ ወጣትነትም አይደለም፤ ሙያተኛ ነኝ ያለ ሰው የሚያውቀውን ለአንድ ሽያጭ ብሎ የዋጠበት ነው። ብሎን እስኪቆረጥ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ የጥርሱን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ምንም አያስከፍልም። እንደ እውነቱ ከሆነ «ሽርርርት» የሚለው ድምፅ ከዚህ ሁሉ የሚሻለው እሱ ቢያንስ በመናገሩ ነው።

ፓራፋንጎውን ማስለቀቅ የሚቀጥለው ሥራ ነው። የፓራፋንጎ ጠርዝ በውስጥ በኩል የታጠፈ ከንፈር አለው፤ ጎማውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ረጋ ያለ ቆርቆሮ ሠራተኛ ከንፈሩን አሙቆ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ቱቦ ቀስ እያለ ያስተኛዋል። የቸኮለው በፍሌክስ ይቆርጠዋል፤ በቆረጠው ዓመት ክረምቱ ሳያልፍ ጠርዙ ዝገት ያወጣል። አውሮፓውያኑም ከዚህ ችግር አላመለጡም፤ ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፖርሽ 911 በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ በ4.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 165 ጎማ ነበረው። በ1975 እ.ኤ.አ. ቱርቦውን ሲያወጡት ለፊቱ 7፣ ለኋላው 8 ኢንች ቸርኬ ሰጡት፤ ለዚያም ፓራፋንጎውን አብረው አሳበጡት፤ ዛሬ ሰው ያንን መኪና የሚያውቀው በዚያ ዳሌው ነው። ተክለ ሃይማኖት ላይ ጎማው ይቀድማል፣ ፓራፋንጎው በኋላ ይለመናል። 

ተስተካክሎ የተሠራ ዲኤክስ ግን እሑድ ጠዋት ታጥቦ ከአደባባዩ ዳር ሲቆም ዓይን ይይዛል። ለዚህ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ማቅረብ ይቻላል፤ ጎማው የፓራፋንጎውን ክፍተት ሲሞላው መኪናው ከመሬት ጋር የተጣበቀ ይመስላል። ማብራሪያው ትክክል ነው። የሚያልፈው የታክሲ ሾፌር ግን ማብራሪያውን ሳይጠብቅ አንገቱን ያዞራል።

አነዳዱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ባለቤቱ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ፓወር የሌለው መሪ በሰፊ ጎማ ይከብዳል፤ ስፔሰር ካለው መንገዱ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድ ለእጅ ያወራል፤ ኩሽኔታውም ከታሰበለት በላይ ስለሚሸከም ቶሎ ማጉረምረም ይጀምራል። በክረምት፣ አንድ ቶን የማይሞላ ቀላል መኪና በሰፊ ጎማ ላይ ሲሆን፣ የተኛ ውሃ ላይ ከጠባቡ ይልቅ ይንሳፈፋል። ሞተሩም አለ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ በዚህ ላይ ጎማው ወደ 10 በመቶ ሲረዝም ማርሹ እንደዚያው ይከብዳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ስፖርት ዲኤክስ በሁለተኛ ማርሽ እያሰበ ነው የሚወጣው።

ቆጣሪው በበኩሉ ለባለቤቱ ያዳላል። 60 ሲያሳይ መኪናው 66 እየሄደ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ይህ አይጠቅምም። ነገር ግን 1,000 ኪሎ ሜትር የተነዳው 911 ብቻ ይመዘገባል፤ ለሽያጭ ቀን ይህ ይጠቅማል። በአርባ ዓመት መኪና ላይ የሚገዛ ሰው ቆጣሪ እንደሚያምን የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም።

ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲባል አሮጌውን 13 መሸጥ አይመከርም። ብዙዎች በዚያ ሳምንት ጠባቡን መልሰው ይገጥሙታል፤ መኪናው ለጥቂት ቀናት ፀጥ ብሎ ይዞርና ተመርምሮ ያልፋል፤ ከዚያ ሰፊው ይመለሳል፣ ድምፁም ይመለሳል።

በመጨረሻ የመጠባበቂያው ጎማ፣ ሾፌሮች ስኮርታ የሚሉት፣ ይቀራል። የሻንጣው ወለል የተሠራው ለ13 ስለሆነ ሰፊው ጎማ ተኝቶ አይገባም፤ ስኮርታው ያው አሮጌው 155 ሆኖ ይቀጥላል። ከኋላ ከተገጠመ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በቁመት 56 ሚሊ ስለሚለያዩ ዲፍረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ከፊት አንዱን ፈትቶ ወደ ኋላ ማዛወር፣ ስኮርታውን ከፊት ማድረግና በዝግታ መንዳት ይመረጣል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን እየጎተተም ቢሆን ጎሚስታ ቤት ይደርሳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ የብረቱን ቸርኬ በደንብ ላይዝ ስለሚችል የብረቱ ዳዶዎች በከረጢት ሆነው ወንበር ሥር ይቀመጣሉ። ስኮርታው ሲገባ ስፔሰሩ ይውጣ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ጎሚስታዎች አይስማሙም፤ በሁለቱም መንገድ ተሞክሯል።