መስኮቱ ይዘጋ፤ ስለ ንፋስ ልንማር ነው

በበጋ ወራት በመቐለ ከተማ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ንፋስ ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ከምሥራቅ በኩል ይመጣና የተሰጣ ልብስ ከገመዱ ያወርዳል፣ የጅምር ሕንፃ አቧራ በየምግብ ቤቱ ሽሮ ላይ ይነሰንሳል፣ ፌስታል አንሥቶ የመብራት ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ በገንዘብ አይገኝም። ደግነቱ አጸደ ሕፃናቶቻችን ለእንዲህ ያለ ፈተና እጅ አይሰጡም። የንፋስ ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው ትእዛዝ «መስኮቱን ዝጉ!» ነው።

ደግሞስ ለምን አይዘጋ? ከተከፈተ ቻርቱ ይቀደዳል። ቻርቱ ላይ ጉንጩን የነፋ ደመና አለ፣ የጎበጠ ዛፍም አለ። የተገዛ ንፋስ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ የነፃውን ማስገባት ብክነት ነው። ከዚያ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ዊንድ ኢዝ ሙቪንግ ኤር!» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ እንዳትጠይቋቸው። ወላጅ በየወሩ የሚከፍለው ልጁ በእንግሊዝኛ እንዲጮህለት ነው፤ መረዳት በክፍያው ውስጥ አልተካተተም።

ቀጥሎ «ንጹሕ አየር ለጤና ጠቃሚ ነው» ይባላል። ይህ የሚባለው በር ተዘግቶ፣ ሹራብ ተደርቦ፣ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው አንዱ ያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው እየሳበ ነው። ያዛጋ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይገሠጻል። እውነቱን ለመናገር፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተን መንገደኛ «ብርድ ልታስመታን ነው?» ብለን የምናፈጥበት ሰዎች በመምህሯ ላይ ለመፍረድ አፍ የለንም።

አየር ክብደት እንዳለውም ይሸመደዳል። ስምንት በስድስት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ክፍል የያዘው አየር እዚህ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነን እንኳ፣ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። ይህን ለልጅ መንገር ግን አደጋ አለው፤ «ታዲያ ለምን አይጫነንም?» ሊል ይችላል።

ከትግራይ ጦርነት ወዲህ ማስተማሪያ ቁሳቁስ የለም ይባላል። የትግራይ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘግተው መክረማቸውን፣ ብዙዎቹም መውደማቸውን ማን ይክዳል? አንድ ብርጭቆና አንድ ሳፋ ግን ከየቤቱ አይጠፋም። ወረቀት ጨምድዶ ብርጭቆው ውስጥ መወተፍ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ቀጥ አድርጎ ውሃው ውስጥ ማጥለቅ፣ ማውጣት፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው። አየሩ ቦታ ይዞ ውሃውን አላስገባም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሁሉም «እኔ! እኔ!» ይላል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ዝምታው ይደፈርሳል፣ ርዕሰ መምህሩ ብቅ ይላሉ። በቻርት ማንም ረጥቦ አያውቅም።

ከከተማው በስተደቡብ አሸጎዳ አለ፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በ84 ተርባይን 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተተከለ የንፋስ ኃይል ማመንጫ። ፈረንሳዮች ባሕር ተሻግረው የመጡለት ንፋስ ነው። ልጆቹን ወስዶ ማሳየት ግን የትራንስፖርት ወጪ አለው። በጀቱ በጥንቃቄ ተይዞ ለስድስት ዓመት ልጅ የምረቃ ጋውን ይውላል፤ ጋውኑም ከቤት ውጭ ለፎቶ ሲቆም በንፋስ እየተነሣ አስቸግሯል።

ገበሬው ጉዳዩ ጨርሶ አልገባውም። አውድማው ላይ ላይዳውን ይዞ ንፋስ ይጠብቃል፣ አቅጣጫውን በአቧራ ይፈትሻል፣ ገለባውን ለንፋስ ሰጥቶ እህሉን ያስቀራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው «ሙቪንግ ኤር» የሚለውን አንድ ቀን እንኳ ሳይጮህ ነው። አብሮት የዋለ ሕፃን ፈተና ላይ «ንፋስ ምን ይሠራል?» ቢባል «እህል ያበጥራል» ብሎ ዜሮ ያገኛል። የመልስ መስጫው «ዛፍ ያንቀሳቅሳል» ነው የሚለው።

የሚቀጥለው ምዕራፍ «ውሃ» ነው። እዚያ ላይ መምህራኑ መዝጊያ ፍለጋ አይደክሙም፤ የመቐለ ቧንቧ ራሱ ቀድሞ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ቻርቱ ብቻ ይሰቀል።