የሸማኔው ልጅ መኪና

ቦታው መካነ ሰላም መናኸሪያ፣ ሰዓቱ ገና ከንጋቱ አሥራ አንድ። ወደ ደሴ የምትሄደው ቶዮታ ሚኒባስ ሞተሯ ተነሥቷል፤ አትንቀሳቀስም፣ ግን “ልትሄድ ነው” ትባላለች። በወሎ ቦረናና ሳይንት በኩል ይህ ራሱን የቻለ የጉዞ ክፍል ነው፤ አንዳንዴም ረጅሙ። ተሳፋሪዎቹን እኔ ፈጥሬአቸዋለሁ። የሚያነሷቸው ጃፓኖችና ነገሥታት ግን የእውነት ናቸው።

ሙሄ (ረዳት)፦ ደሴ! ደሴ! በአቀስታ ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!

እትዬ ዘነቡ (ቅቤ ነጋዴ)፦ ይሄ አንድ ሰው መቼ ነው የሚወለደው? እኔ ከገባሁ ሦስት ሰው ገባ፣ አሁንም አንድ ሰው ይላል።

ሰይድ (ሾፌር)፦ እትዬ ዘነቡ፣ የተቀመጡት እኮ ቶዮታ ላይ ነው። ቶዮታ እንደ ወሎ ሰው ነው፤ እንግዳ አይመልስም።

አያ ይማም (ሸማኔ)፦ የኔን ሽማግሌዎች ግን ትናንት መለስሃቸው።

(ነገሩን ለማያውቅ፦ አያ ይማም ለልጃቸው የሰይድን እህት ጠይቀው ነበር። ልጁ እዚሁ መካነ ሰላም የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቷል፤ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ዱቤ እንኳ ሲጠይቁት አንገቱን ይደፋል። ሽማግሌዎቹ ቡና ሳይቀርብላቸው ተመለሱ።)

ሰይድ፦ አያ ይማም፣ በሞትዎ፣ በጧቱ አይጀምሩኝ! ያ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ይሄ ትራንስፖርት ነው።

አያ ይማም፦ ልጄ ምን ጎደለው?

ሰይድ፦ እሱ ምንም አልጎደለውም። ሱቁንም አልናቅሁም። ግን አንቱ ራስዎ ያውቁታል፤ አባቱ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሰው... ዘመድ ምን ይለኛል? ሰውም መኪናም ዘሩ ነው የሚታየው። ይቺን ተመልከቷት። የጉጉፍቱን ዳገት በጉም፣ ቁልቁለቱን በጭቃ፣ ከነትርፉ ይዛን ስትሄድ ስንት ዓመቷ! ለምን? ዘር አላታ! ቻይናው ዛሬ ይመጣል፣ አባቱ አይታወቅ፤ ነገ ጋራዥ ነው። የቶዮታ ዘር የታወቀ ነው።

መምህሩ (የታሪክ መምህር፣ ከኋላ ወንበር)፦ ታውቀዋለህ?

ሰይድ፦ እንዴታ! ጄኔራል መሆን አለበት። ቶዮታ የሚባል የጃፓን ጄኔራል። ጎራዴ ያለው።

መምህሩ፦ እንግዲያው እንደ ጋብቻ ልማድ እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር። አባትዬው ሳኪቺ ቶዮዳ ይባላል። የተወለደው በፈረንጆቹ 1867 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እዚህ ጎረቤታችን መቅደላ ላይ ሊሰዉ አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው። አባቱ አናጢ ነበር።

ሰይድ፦ አናጢ... ይሁን። አናጢ ቤት ይሠራል። ከዚያ ጦር ሜዳ ዘመተ?

መምህሩ፦ ከዚያማ እናቱ ጨርቅ ስትሸምን እያየ አደገ፤ ድካሟን ሲያይ የመሸመኛ ዕቃ ማሻሻል ጀመረ። የመጀመሪያው የእንጨት መሸመኛው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1891 ነው። በሁለት እጅ ይሠራ የነበረውን በአንድ እጅ እንዲሠራ አደረገው። ዕድሜውን ሁሉ ያሳለፈው በድርና በማግ መሀል ነው።

(ሚኒባሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ሙሄ እንኳ “ደሴ” ማለቱን ረሳ።)

አያ ይማም፦ ሸማኔ ነው በለኛ!

ሰይድ፦ አያ ይማም፣ አይቸኩሉ! መምህር፣ አንተ ሌላ ሰው ነው የምታወራው። የመኪናውን ቶዮታ ንገረኝ።

መምህሩ፦ እሱኑ ነው የምነግርህ። በ1924 ደግሞ አውቶማቲክ መሸመኛ ሠራ። ትልቁ ጥበቡ ምን መሰለህ፤ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል።

አያ ይማም፦ ቆይ ቆይ። ክሩ እንደተበጠሰ ማን ነገረው?

መምህሩ፦ በየድሩ ላይ ቀጭን ብረት ይንጠለጠላል። ድሩ ሲበጠስ ብረቱ የሚይዘው ያጣና ይወድቃል፤ ያኔ መሣሪያው ቀጥ ይላል። የተበላሸ ጨርቅ አይሠራም።

አያ ይማም፦ ሱብሃነላህ! እኔ ይሄን ዕድሜዬን ሙሉ ባይኔና በጣቴ ነው የማውቀው። አንዷ ድር ተበጥሳ ሳላያት ክንድ ሙሉ ከሄድኩ ጋቢው ተበላሸ ማለት ነው። ሰውዬው ዐይኑን ለእንጨት አውሶት ነው የሄደ! መወርወሪያው ውስጥ ያለው ቀሰም ሲያልቅበትስ?

መምህሩ፦ ሳይቆም ሌላ መወርወሪያ ይተካል። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ የመሣሪያውን መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛው። ጨርቅ በፋብሪካ መሥራትን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ!

እትዬ ዘነቡ፦ ታዲያ መኪናውን ማን ወለደው?

መምህሩ፦ ልጁ ኪይቺሮ። በ1933 የአባቱ የመሸመኛ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ የአሜሪካ ሸቭሮሌ ፈታትቶ እያየ ሠራ። በ1935 የመጀመሪያውን የጭነት መኪና አወጣ።

ሰይድ፦ በቃ! እዚህ ጋ ነው የኔ ዘር የሚጀምረው። ያቺ ካሚዮን ጉጉፍቱን በሁለተኛ ማርሽ—

መምህሩ፦ ያቺ ካሚዮን በየመንገዱ ትቆም ነበር። ለምረቃ ወደ ቶኪዮ ስትሄድ እንኳ መሪዋ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ጠገኗት። ለገበሬውም ለነጋዴውም የተሸጡት ሲበላሹ ፋብሪካው በነጻ ይጠግን ነበር፤ ኪይቺሮ ራሱ እየሄደ መኪና ሥር ይተኛ ነበር።

ሰይድ፦ ይሄ ስም ማጥፋት ነው! ቶዮታ አይበላሽም!

ሙሄ፦ ባለቤቱ ራሱ መኪና ሥር ተኛ? (ወደ ሰይድ ያያል፤ ሰይድ አያየውም።)

መምህሩ፦ ቶዮታ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ የቆመው በ1937 ነው። በፈረንጆቹ 1950 ደግሞ ሊከስር ምንም አልቀረው፤ ሠራተኛው አድማ መታ፤ ኪይቺሮ ከኃላፊነቱ ወረደ። ወዲያው የኮሪያ ጦርነት ተነሣና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ከቶዮታ ማዘዝ ጀመረ። ነፍስ የዘራበት ያ ነው።

እትዬ ዘነቡ፦ ኮሪያ? የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት? የናቴ ወንድም እኮ እዚያ ነበሩ!

መምህሩ፦ እሱው ነው። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. የዘመተበት፣ ቶዮታም ከክስረት የዳነበት ያው ጦርነት ነው።

እትዬ ዘነቡ፦ እንግዲያው አጎቴ ቶዮታን ከክስረት አውጥተዋል። አንተ ሰይድ፣ የኔ ታሪፍ ይቀነስ!

ሰይድ፦ ታሪፍ ከኮሪያ ጋር ምን አገናኘው! እትዬ፣ አይሱዙም እኮ ጃፓን ነው። አጎትዎ እሱንም አድነውት ይሆናል፤ ይሂዱና በነጻ ይሳፈሩ!

ሙሄ፦ አይሱዙንማ ሰዉ “አልቃይዳ” ብሎታል።

መምህሩ፦ አገሩ አንድ፣ ብረቱ አንድ። ስሙን ያወጣለት መሪውን የያዘው ሰው ነው።

(ሰይድ መስተዋቱን አስተካከለ። ምንም አልተጣመመም ነበር።)

አያ ይማም፦ መምህር፣ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። አያቴ ሲናገሩ “የጃፓን አቡጀዲ መጥቶ ገበያችንን ዘጋው” ይሉ ነበር። ይሄ ሰውዬ ነው እንዴ?

መምህሩ፦ ጨርቁ በየትኛው መሣሪያ እንደተሸመነ አልተጻፈበትም። ግን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከምታስገባው የጥጥ ጨርቅ ትልቁ ድርሻ የጃፓን ነበር። ዋጋው ርካሽ ነበረ።

አያ ይማም፦ ያረቢ! አንተን ነው ስፈልግህ የኖርኩት! አያቴን ከገበያ ያስወጣው ሸማኔ፣ ዛሬ እኔን ከሠርግ ያስወጣኝ መኪና!

ሰይድ፦ አያችሁ? ቂም አለባቸው። ቂም ካለበት ቤት ልጅ አንሰጥም።

መምህሩ፦ ያኔ ከጃፓን ጋር ቂም አልነበረም፤ ፍቅር ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው መጡና “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ጋብቻም ታስቦ ነበር፤ ልጅ አርአያ አበበ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የጃፓን ወይዘሪት ሊያገቡ።

እትዬ ዘነቡ፦ ተጋቡ?

መምህሩ፦ ሳይሆን ቀረ። ጣልያን ነገሩን አልወደደችውም።

አያ ይማም፦ ጣልያን ምን ቤት ናት በሰው ሠርግ? (ወደ ሰይድ) ለካ ለኔ ቤት ጣልያኑ አንተ ኖረሃል!

ሰይድ፦ አያ ይማም፣ ይሄ ስድብ ነው! በሕግ ያስጠይቃል!

መምህሩ፦ ስድብ በሕግ የተከለከለውማ ቆይቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንም አንጥረኛውንም በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተዋል። የሚገርመው፣ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያስገባውም በዚያው ዓመት ነው።

አያ ይማም፦ መኪናዋ መካነ ሰላም ደርሳለች። አዋጁ የት ቀረ?

ሙሄ፦ ኮረኮንቹ ላይ።

ሰይድ፦ እንደፈለጋችሁ ሳቁ! መንግሥት ራሱ የቶዮታን ዋጋ ያወቀ አሁን ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብቻ ይገባል ተባለ። እንግዲህ አሮጌዋ ቶዮታ ንግሥት አልሆነችም? ስትገዛ የወጣባት ሲሸጧት በእጥፍ ይመለሳል። ሰው ሲያረጅ ማን ዋጋ ጨመረለት?

እትዬ ዘነቡ፦ እውነቱን ነው! የኔ ባል ሲያረጅ ማንም አልጠየቀኝም።

ሰይድ፦ ኤሌክትሪኩስ ጉጉፍቱ ላይ ቢያልቅበት የት ይሰካል? ከገደል? ቶዮታ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ፣ መካኒኳ በየቀበሌው። ስህተት የማይሠራ መኪና!

መምህሩ፦ በፈረንጆቹ 2010 ግን ወደ 8 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ጠርቷል። የነዳጅ መርገጫው እየተያዘ አስቸገረ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ አኪዮ ቶዮዳ፣ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ።

ሙሄ፦ ቆይ፣ ባለመኪናው ነው ተሳፋሪውን ይቅርታ የጠየቀው?

መምህሩ፦ ባለመኪናው።

ሙሄ፦ (ለራሱ) ሌላ አገር ነው።

መምህሩ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገመዱ ነው። የሸማኔው ነገር፣ ክር ሲበጠስ መቆም፣ ወደ መኪናው ፋብሪካም ገባ። ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ተራው ሠራተኛ፣ አንተን የመሰለ ልጅ፣ ስህተት ካየ ይስበዋል። አለቃው ሮጦ ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ሥራው ይቆማል። “ለምን አስቆምከን” ብሎ የሚቆጣ የለም።

ሙሄ፦ አይቆጣም?

መምህሩ፦ እንዲያውም ያመሰግነዋል።

(ሙሄ በሩን ይዞ ለአፍታ አሰበ። እኔ እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ፈተና ክፍል ውስጥ ነው።)

ሙሄ፦ ጋሼ፣ ገመዱን ሳብኩ።

ሰይድ፦ የምን ገመድ?

ሙሄ፦ የኋላ ግራ ጎማ አንድ ብሎን ይጎድለዋል። ሌላው ደግሞ ላልቷል።

(እትዬ ዘነቡ ቅቤያቸውን ይዘው ከወረዱ ቆይተዋል። የቀረውም በመስኮት ሳይቀር እየወጣ ነው። ለመሙላት አንድ ሰዓት የፈጀባት መኪና ባዶ ለመሆን ደቂቃ አልፈጀባትም።)

ሰይድ፦ እስካሁን ለምን አልተናገርክም!

መምህሩ፦ አትቆጣ፤ እንደ ቶዮታ እንጠይቅ። እነሱ ነገር ሲበላሽ “ማን አበላሸው?” አይሉም፤ “ለምን?” ብለው አምስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ሙሄ፣ ብሎኑ ለምን ጎደለ?

ሙሄ፦ ጎሚስታው ትናንት ስላላሰረው።

መምህሩ፦ ለምን አላሰረውም?

ሙሄ፦ “ቶሎ በል፣ ተወው” ስለተባለ።

መምህሩ፦ ለምን ተባለ?

ሙሄ፦ ጋሼ ሰይድ ወደ ቤት ቸኩሎ ስለነበረ።

መምህሩ፦ ለምን ቸኮለ?

ሙሄ፦ ቤቱ እንግዳ መጥቶበት ነዋ።

መምህሩ፦ እንግዳው ለምን መጣ?

ሙሄ፦ (ወደ መሬት እያየ) የአያ ይማም ሽማግሌዎች ናቸው። ቡናው ሳይፈላ ሊመልሳቸው ነው የሮጠው።

(ሁሉም ወደ ሰይድ ዞረ። ሰይድ ወደ ጎማው ዞረ።)

አያ ይማም፦ እኔ ስድስተኛ አለኝ።

ሰይድ፦ አምስት ነው ተብሏል!

መምህሩ፦ ሥሩ ካልተገኘ መጨመር ይቻላል።

አያ ይማም፦ ለምን መለስካቸው?

ሰይድ፦ ሙሄ! ሂድና ብሎን ገዝተህ አምጣ። ኦርጅናል! የዱባይ ኮፒ እንዳታመጣብኝ!

ሙሄ፦ ኦርጅናል ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፣ ጋሼ።

ሰይድ፦ ታዲያ አስከፍተው!

ሙሄ፦ ሱቁ የአያ ይማም ልጅ ነው።

(ሰይድ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሸማኔው ቀረበ።)

ሰይድ፦ አያ ይማም... አንቱ ቢነግሩት ይከፍት ይሆን?

አያ ይማም፦ ይከፍታል እንጂ። ሽማግሌ ላክበት።