ሳይጠሩት አቤት የሚል ኮምፓይለር

ኧረ ይህ ታይፕ የመቀየር ጣጣ መቼ ነው የሚለቀን? የምንፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ራሳችን የፈጠርነው ታይፕ ወደ ሌላ እንዴት እንደሚቀየር መንገር። ቋንቋዎቹ ግን አደገኛውን በነፃ፣ ደህናውን በልፋት አደረጉብን።

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚቀበል ኮንስትራክተር የጻፈ ሰው፣ ሳያውቀው የቅየራ ፈቃድ ሰጥቷል። የኢትዮጵያን ቀን የሚይዝ ክላስ ሠርተን፣ ዓመተ ምሕረት ሲሰጠው የዚያን ዓመት መስከረም 1 የሚይዝ ኮንስትራክተር ጨመርንበት እንበል። ቆየት ብሎ አንዱ ባልደረባ የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላውን ፈንክሽን 2010 ብሎ ይጠራዋል፤ የቅጥር ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ወስዶ። ፈንክሽኑ የሚጠብቀው ቀን፣ የመጣለት ደረቅ ቁጥር። እዚህ ላይ መጮህ የነበረበት ኮምፓይለር ሳይጠሩት አቤት ብሎ ቁጥሩን ቀን አድርጎ ያሳልፈዋል። ሠራተኛው ሰባት ዓመት ገደማ አገልግሎቱ ተበላ፤ እኛም ስህተቱን ፍለጋ ሌሊቱን እናነጋለን።

መከላከያው «ኤክስፕሊሲት» የምትል ቃል ናት። እሷን መጻፍ የኛ ዕዳ ነው፣ የረሳ ይቀጣል። ለምን በተቃራኒው አልሆነም? በዝምታ እንዲቀየርለት የፈለገ እሱ ይጻፍ!

ይባስ ብሎ፣ ከራሳችን ታይፕ ወደ ሌላ የሚወስደው ኦፕሬተር ላይ ይህች ቃል የተፈቀደችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ መከራ ነበር። የ1998ቱ ስታንዳርድ የኢንፑት ስትሪሞችን ወደ ቡሊያን ሳይሆን ወደ ፖይንተር ነበር የሚቀይራቸው። ወደ ቡሊያን ቢቀየሩ ኖሮ፣ ቁጥር ሊያነብ ብሎ ቀስቶቹን ገልብጦ የጻፈ ሰው ኮዱ ያልፍለት ነበር፤ ቡሊያኑ 0 ወይም 1 ሆኖ ቢቶቹ ወደ ግራ ይገፋሉ፣ የተነበበ ነገር ግን የለም።

ሲ ሻርፕ በዚህ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል፤ ኢምፕሊሲት ወይም ኤክስፕሊሲት ሳይሉ ኦፕሬተሩን መጻፍ አይቻልም። ጎ የራሳችሁን ቅየራ ጭራሽ አትፍጠሩ ብሎ ተገላገለ። ረስት ላይ «ፍሮም»ን ከጻፍን «ኢንቱ» በነፃ ይመጣል፣ ጠሪውም የግድ ይጽፈዋል። ደግ አደረገ፤ ግን «ኢንቱ» ወደ ምን? ብዙ ጊዜ መስመሩ ላይ የለም። የፈንክሽኑን ፊርማ ፍለጋ እንወርዳለን፣ አንዳንዴም ሌላ ፋይል እንከፍታለን። የሰው ኮድ የምንገመግመው አብዛኛውን ጊዜ ኤዲተር በሌለበት፣ ብራውዘር ላይ ነው፤ መድረሻው ታይፕ እዚያው ቢጻፍ ምን ነበረበት?